ዳገት ወጥቷል

ጎንደር ውስጥ መኪና የሚፈተነው በዳገት ነው። ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየቱ፣ ጎማውን በእግር መታ መታ ማድረጉ፣ ዘይቱን በጣት ነክቶ ማሽተቱ ሁሉ ለወጉ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ገዢ ከነዘመዱ፣ ሻጭ ከነደላላው፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሥራ ፈት ሳይቀር ይጫንና መኪናዋ ወደ ጎሃ ተራራ ትነዳለች። ሳታቃስት ከወጣች ነጂው ተመልሶ ሰው መሀል ይቆምና «ወጥታለች» ይላል። ሽማግሌው እጁን ይዘረጋል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ፍሬኗ አይዝም፣ መሪዋ ይጎትታል ብሎ የሚመለስ ሰው መሳቂያ ይሆናል።

የእኔን ፒካፕ የበላብኝ ይኸው ልማድ ነው።

የእኔ እላለሁ እንጂ ሊብሬው በስሜ አልነበረም። ይህንን ቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ነገሩን ለሰው ባወራሁ ቁጥር መሀል ላይ «ሊብሬው ግን በማን ስም ነበር?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። በታናሽ ወንድሜ ስም ነበር። አባቴ ሲሞት አጎታችን ሐጂ «ጣጣ እንዳይበዛ ለወንዱ ይሁን» አሉ፤ እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ፈረምኩ። ወንድሜ ያኔ ጅዳ ነበር። ጅዳ ላለ ሰው የማክሰኝት መንገድ ላይ የምትንከራተት አሮጌ ፒካፕ ምን ታደርግለታለች ብዬ ነው።

መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። እህል ከማክሰኝት እያመጣ ከተማ ውስጥ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር። ዓይኑ ደክሞ መንገዱ ይጭበረበርበት ጀመር። ወንድ ልጁ ባሕር ማዶ ነው፤ ሹፌር እንዳይቀጥር ይሰርቀኛል ብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ተመልሼ እቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አዘዞ ሜዳ ላይ ወስዶ መሪውን አስያዘኝ። ሰፈሩ ጉድ አለ። የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ሻሿን ሸብ አድርጋ ጆንያ ጭና ስትነዳ ማን አይቶ ያውቃል? «ሴት ልጁን ሹፌር አደረጋት» እያሉ እናቴን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያሟት ነበር። አባቴ ግድ አልሰጠውም። እሱ ካለፈ በኋላ እኔም ግድ አልሰጠኝም፤ ሥራውን ወድጄው ነበር።

በገበያ ቀን በጠዋት ማክሰኝት እገባለሁ። ከገበያው ወደ አስፋልቱ መውጫ ላይ ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል። ሽምብራ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ጤፍ አለ፣ አንዳንዴም እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች አሉ። ከወንድ ሹፌር ጎን ጋቢና መቀመጥ የሚያፍሩ፣ ረዳት ሲያመናጭቃቸው የሚመርራቸው ሴቶች ናቸው። እኔ ጋ ሲሆን ጋቢናው የእነሱ ነው። እርጉዝ ያለች እንደሆነ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ጆንያቸው ላይ። እስከ ጎንደር ድረስ የባልን፣ የአማትን፣ የዝናብን ነገር ያወራሉ። ሞተሩ ስለሚጮኽ ግማሹን አልሰማም፤ እነሱ ሲስቁ ግን አብሬ እስቃለሁ።

እኔና እናቴ የምንበላው ከዚያ ነበር። ከመብላቱም በላይ ግን፣ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ ነበረኝ። አንድ ቀን ብቀር «ምነው ቀረች?» የሚል ሰው ነበረኝ። ከባሏ ተለያይታ እናቷ ቤት ለተቀመጠች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንድሜ ከጅዳ የመጣው ለማግባት ነው። በመጣ ሰሞን ፒካፕዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺ ገና አልሞተችም?» አለ። ስቀን አለፍነው።

በኋላ በእሷ የለወጠውን መኪና ያየው አዘዞ ላይ ነው። አዘዞ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር፤ እጁ ሳንጃና መተማ ድረስ የሚዘልቅ፣ እዚያው አዘዞ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው። ለልጁ ሰርግ ብሎ ከዱባይ በሱዳን በኩል፣ በጭነት መኪና ጀርባ አስጭኖ፣ አንድ ቀይ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና አስመጥቶ ነበር። ቤንዚን አይጠጣም፣ ጭስ አያወጣም፣ ከመሬት ከፍታው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፣ ወንበሩም ሁለት ብቻ። ሰርጉ አለፈ፣ ሙሽሮቹ አዲስ አበባ ገቡ፣ መኪናው ቀረ። የቤት መብራት ስለማይበቃው የሚሞላው በወፍጮው መስመር ነው። ወንድሜ ሲያየው ዱቄት ለብሶ ቆሞ ነበር አሉ። ኮፈኑን በእጁ ጠረግ ሲያደርገው ቀዩ ቀለም ብቅ አለ፤ የወንድሜም ልብ እዚያው ቀረ።

እቤት መጥቶ ሐሳቡን ዘረገፈው። መጀመሪያ ራሱ ሙሽራ ሆኖ ይወጣበታል። ከዚያ ለሰርግ ያከራየዋል። በጥር ጎንደር ውስጥ የሚያገባው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ መኪና ነው የሚከራየው፤ ቀይ ስፖርት መኪና እያለ ማን ነጭ ይከራያል? ነጋዴው ደግሞ ለመለዋወጥ ፈቃደኛ ነው፤ ፒካፕዋን ከትንሽ ጭማሪ ጋር ይወስዳል። «ደንበኛ ያላት ማኪና ናት» ብሎ ነው የፈለጋት። ደንበኞቹን ማን እንዳፈራቸው የጠየቀ የለም።

እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ሁለት ወንበር ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ከተቀመጡ ሹፌሩ የት ይቀመጣል አልኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ፤ ጅዳ ሙሽራው ራሱ ይነዳል አለ። ጎንደር ውስጥ በሰርጉ ቀን መሪ የጨበጠ ሙሽራ አይቼ አላውቅም። ሚዜውስ? ሚዜ ከሙሽራው ተለይቶ በታክሲ ሊከተል ነው? ይህን ሁሉ ተናገርኩ። መልሱ አንድ ነበር፤ «አንቺ ፒካፕሽ እንዳትሄድብሽ ነው።»

ነበርም። ምን ያስዋሸኛል፣ እንዳትሄድብኝ ነበር። የተናገርኩትም እውነት ነበር። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ማንም ሊገባው አልፈለገም።

ቀጥሎ ፈታኝ ተፈለገ። ወንድሜ የአገር ውስጥ መንጃ ፈቃድ የለውም። ደላላው ከኮሚሽኑ ሌላ አይታየውም። የነጋዴው ሹፌር የነጋዴው ሰው ነው። ሁለቱ ወገን የሚያምኑት ማን አለ ሲባል ነጋዴው ራሱ «እሷ ትንዳው። የአባቷ ልጅ ናት፣ አትዋሽም» አለ። ወንድሜም ትከሻዬን አቅፎ «እትዬ፣ አንቺ ወጥቷል ካልሽ ለእኔ በቃኝ» አለኝ። ላየው ሰው ክብር ነው። ለእኔ ግን ወጥመድ ነበር። አልወጣም ብል ለፒካፕዋ ብላ ዋሸች እባላለሁ፤ ወጥቷል ብል ፒካፕዋን በገዛ አፌ አስረከብኩ። ምስክርነት ደግሞ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አባቴ ያሳደገን እንደዚያ ብሎ ነው። እንቢ ብል ኖሮስ? እንቢ ብልም ያው ነበር፤ ሌላ ነጂ ፈልገው እኔን ምቀኛ ብለው ያልፉ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አዘዞ ስንደርስ መኪናው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንደ ታሰረ ወይፈን በወፍራም የመብራት ገመድ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ቆሟል። እሱ እስኪሞላ ወፍጮው እንዲቆም ታዟል። ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ደጃፉ ላይ ተኮልኩለዋል። አንዷ ለጓደኛዋ «ተራችንን ማኪና በላው» ስትል ሰማሁ። ከሰዎቹ ጋር አንድ አድርጋ አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ።

አሁን ደግሞ ማን ይጫን የሚለው አከራከረ። በወጉ ፈተና ማለት ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ መውጣት ነው። ወንድሜ፣ ነጋዴው፣ ደላላው፣ የነጋዴው ወንድሞች፣ ሁሉም ሊጫኑ መጥተዋል። ከነጂው ሌላ ያለው ወንበር ግን አንድ ነው። ባዶውን ቢወጣ ምን ዋጋ አለው ተባለ። አንዱ እላዩ ላይ ጆንያ እንሰር ሲል ነጋዴው ቀለሙ ይላጣል ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ እንግዲያው ክብደት ያለው ሰው ይግባ ተባለና አጎቴ ሐጂ ተመረጡ፤ በዕድሜም በክብደትም የሚበልጣቸው አልነበረም። ሁለት ሰው ደግፏቸው ጉድጓድ እንደሚገባ ሰው ቁልቁል ወረዱ። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሃቸውን፣ ከኪሳቸው አወጡ።

መኪናውን ሳስነሳው ምንም አልተሰማም። ሐጂ ጠብቀው ጠብቀው «ምነው፣ አልነሳም አለ?» አሉኝ። ተነስቷል አልኳቸው። አላመኑኝም። አስፋልቱ ላይ ወጥተን ዛፉና አጥሩ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ነው ቢስሚላህ ያሉት።

ስለዚያ መኪና እውነቱን እናገራለሁ። ድንቅ መኪና ነበር። እግሬን ገና አሳረፍ ሳደርግ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ፒካፕዋን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ትከሻዬ እስኪገነጠል የምታገል ሰው ነኝ፤ እዚህ ማርሽ የሚባል ነገር የለም። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ይዳብሳል። መሪው በሁለት ጣት ይዞራል። ደስ አለኝ። ይህንን መናገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ እንጀራዬን ሊወስድ የመጣውን መኪና እየነዳሁ ደስ አለኝ። አባቴ በሕይወት ኖሮ ባየኝ ብዬም ተመኘሁ።

ችግሩ ሰው አይሰማንም። አህያ የሚነዱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን መሀል መንገድ ይሄዳሉ። የለመዱት የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ገለል ማለት ነው፤ ሞተር የሚባል ደግሞ የለም። ጥሩንባ ስነፋ ደንግጠው ይዘላሉ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን አነሱብን። ሐጂ በመስኮት «ይቅርታ አያ» አሉ፤ ወደኔ ዞረው ደግሞ ቀስ በይ አሉኝ።

አዘዞን አልፈን ወደ ከተማው መውጣት ስንጀምር ነው ያንን ነገር ያነሱት። ፒካፕዋ ውስጥ ብንሆን ኖሮ አያነሱትም ነበር፤ መጮኽ ነበረባቸው፣ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ተጩኾ አይነገርም። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። እንደ ደከምኩ ነገሩኝ። ሴት ልጅ ከጆንያ ጋር ስትታገል ማየት እሳቸውንም እንደሚያማቸው፣ እናቴ ሰው ፊት እንደምትሳቀቅ፣ ለወንድሜ ልጃቸውን የሚድሩት ሰዎችም ጉዳዩን አንስተው እንደነበር።

«ምን ብለው አነሱት?» አልኩ።

«ሹፌር እህት አለችው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ነዋ። እኛም በቅርቡ ይቆማል አልናቸው» አሉ። ደግሞም «ክፉ አታስቢ ልጄ፣ ላንቺም ዕረፍት ነው» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ መኪናውን መውደዱ እውነት ነው፤ እሱ ሞኝ ነው፣ ቀይ ነገር ይወዳል። ሌሎቹ ግን የፈለጉት መኪናውን አልነበረም። የፈለጉት ፒካፕዋ እንድትሄድ ነው። መኪናው ሰበብ ሆነላቸው እንጂ ሌላ ነገር ቢገኝም ይለውጧት ነበር። ይህንንም እኔው ራሴ ነድቼ፣ እኔው መስክሬ፣ በእኔው አፍ ነው የሚጨርሱት።

«ደከመኝ ብያለሁ?» አልኳቸው።

ተስቢሃቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ፒያሳን አቋርጠን ጎሃ ሥር ስንደርስ ንዴቴን ሁሉ እግሬ ላይ አሳረፍኩት። መኪናው ተወረወረ። ፒካፕዋ በአንደኛ ማርሽ እያለቀሰች የምትወጣውን ዳገት ይህኛው ሜዳ አድርጎት ወጣ። ሐጂ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላሉ። አናቱ ላይ አቆምኩት። ከዚያ ላይ ሲያዩት ከተማው በሙሉ ይታያል፤ እኔ አላየሁትም። ዳገቱ ላይ ቆሟል ብዬ ብዋሽስ ብዬ አሰብኩ። ግን እንኳን ምስክር አጠገቤ ተቀምጦ፣ ብቻዬን ብሆንም አልችልበትም ነበር። በዚህም ራሴን ሰደብኩት።

ስንወርድ ኮብልስቶኑ ላይ ሆዱ ተፋቀ። ሌላ ቦታ ላይ የመንገድ ጉብታ ሲያልፍ እንደገና ተፋቀ። የመብራቱ መለኪያም ስንነሳ ከነበረበት ቁልቁል ወርዷል። አዘዞ እስክንደርስ የምናገረውን በልቤ ደረደርኩ።

ሰዎቹ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ክብ ሠርተው ይጠብቁናል። ወረድኩና ጀመርኩ። ይህ መኪና በእኛ መንገድ ሆዱን እየፋቀ ነው የሚሄደው አልኩ። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ወፍጮ ቤት የሌለው ሰው በምን ይሞላዋል አልኩ። ነጋዴው በጨዋ ደንብ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«እሱን ተይው። ዳገት ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

ወደ ሐጂ አየሁ። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ።

«ወጥቷል» አልኩ።

እጆች ተዘረጉ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። መኪናውን መረቁ፣ ሰርጉን መረቁ፣ የፒካፕዋን አዲስ ጌታ መረቁ፣ የልጃችንንም ልፋት አላህ ይቀበላት አሉ። ሁሉም አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ፤ ያለው ግን አፌ ብቻ ነው። ወንድሜ ሳመኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዱ «አንቺስ ከነገ ወዲያ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። መልስ እንኳ አልነበረኝም፤ ቢጠይቁኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ምሳ ማውራት ጀመሩ።

ፒካፕዋ ውስጥ የነበረውን ዕቃዬን አወጣሁ። ፎጣዬን፣ የመስገጃ ምንጣፌን፣ የሻይ ፔርሙዜን። የነጋዴው ሹፌር ሦስተኛ ማርሹ እንዴት እንደሚገባ እንዳሳየው ለመነኝና አሳየሁት። ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ አመሰገነኝ። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቀዩ መኪና ምን ሆነ የሚለኝ ሰው አለ። በሰርጉ ዋዜማ መብራት ጠፋ፤ አዘዞም ወፍጮውም ጨለመ። ወንድሜ በጎረቤታችን ሚኒባስ፣ በሚዜዎቹ ተከቦ፣ እየዘፈኑለት ሄደ፤ ከዚያ በላይ ደስተኛ ሙሽራ አላየሁም። መኪናውን የተከራየው አንድም ሰው የለም። ወንድሜ ሚስቱን ይዞ ወደ ጅዳ ሲመለስ ቁልፉንም በኪሱ ይዞት ሄደ፤ ረስቶት ነው ይላል። መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እናቴ በርበሬ ታሰጣበታለች።

ይህ ሁሉ እንኳ ያን ያህል አልጎዳኝም። ያንገበገበኝ ከልውውጡ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የማክሰኝት ገበያ ነው። ለሴቶቹ አትመጣም ብሎ የነገራቸው ሰው የለም፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል ብዬ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማጽናኛ ቃል ስፈልግላቸው ነበር። ያለ እኔ እንዴት እንደሚሆኑ አሳስቦኝ ነበር።

እንደ ወትሯቸው ጆንያቸውን ደርድረው አገኘኋቸው። «ምነው እቴ፣ በእግርሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ወንድሜን ረገመችው፤ ሌላዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንጀቴ ራሰ። ካሳ ያህል ሆነልኝ፤ ቢያንስ እነዚህ አሉኝ አልኩ።

ፒካፕዋ መጣች። ከመታየቷ በፊት ድምጿን ለየሁት፤ ሦስተኛ ማርሹን አስገብቶታል። ሹፌሩ አጠገባችን አቆመና ለሁላችንም በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ። ሴቶቹ እኔን አዩኝ፣ መኪናዋን አዩ። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው፣ የጎንደር ገበያ አይጠብቅም፣ ሽንኩርቱም አይጠብቅም። አልፈረድኩባቸውም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ፈርጄባቸዋለሁ።

መጀመሪያ የተነሳችው ምጥ የያዛት ቀን ጋቢና አስቀምጬ ሆስፒታል ያደረስኳት ሴት ናት። ጆንያዋን በአንድ ወገን ይዛ ጎተት አደረገችው። እኔ በፒካፕዋና በእሷ መሀል ቆሜ ኖሯል።

«እስቲ ፈቀቅ በይልኝ እቴ» አለችኝ። በደግ ድምፅ ነው ያለችኝ።

ፈቀቅ አልኩላት። ጆንያው ከብዷት ስትንገዳገድ ባይ፣ በሌላው ወገን ይዤ አብሬያት ጫንኩ።